የተበላሸው ወደ ቤት

ልጅቷ የፈለገችው የላቦራቶሪ ሙያ ነበር። ውጤቷም ይበቃት ነበር። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ቀን የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አይታ፣ ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት በከተፈች ቁጥር ልጣጩን ወደ ብርሃን አንሥታ ማየት ልማድ ሆነባት። አባቷ «ይቺ ልጅ ሽንኩርት ላይ ምን ተጽፎ አገኘች?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

የማሠልጠኛ ተቋሙ ምዝገባ የተከፈተ ሰሞን አከራያቸው ወሬ ይዛ መጣች። የእህቷ ልጅ እዚያ ስለተማረች ታውቃለች። ላቦራቶሪ የሚገባ ሰው ነጩን ጋውን ራሱ ይገዛል፣ ሽፍን ጫማ ራሱ ይገዛል፣ ቀኑን ሙሉ ውሎ ጾሙን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምግብ ዝግጅት የሚገባ ግን ሽርጡንም ቢላዋውንም ከዚያው ያገኛል። ሲያበስል ይቀምሳል። ሲቀምስ የዋለ ደግሞ ራት አይጠይቅም። አከራይዋ ይህን ብላ ሳቀች፤ እናትየው አልሳቀችም።

እናትየው በየሰዉ ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። አባትየው ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ከተጎዳ በኋላ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም። አሁን ሥራ ሲገኝ በር ላይ ተቀምጦ ያረጁ ወንበሮችን በግራ እጁ ይቀባል። ከልጅቷ በታች አንድ ወንድ ልጅ አለ። ቤት የገባውን ፌስታል ሁሉ እየከፈተ ስለሚመረምር አባቱ «ሹሙ» ይለዋል። አራቱም የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው።

በማግስቱ እናትየው የታጠበ አንሶላ እየጠመዘዘች «ምግብ ዝግጅትም እኮ ሙያ ነው» አለች። ለማንም አላለችም፤ ለአንሶላው ነው ያለችው።

ልጅቷ አባቷን ጠበቀች። «የምትወጂውን ተማሪ» ቢላት ይበቃት ነበር። አባትየው ጣሳው ውስጥ ያለውን ቀለም ማማሰሉን ቀጠለ። ቀለሙ ከተዋሃደ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያማስላል።

ምዝገባው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ውጤቷን አየና እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። ምግብ ማብሰል ደስ እንደሚላት ነገረችው። ቤት ገብታም ለእናቷ ያንኑ አለቻት። እናትየው አመነቻት፤ ወይም ልታምናት ፈለገች።

የተቋሙ ማብሰያ ክፍል ረጅም ነው። በግራና በቀኝ ምድጃዎች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ የብረት ጠረጴዛዎች አሉ። ዳር ላይ አንድ ትልቅ ኦቨን አለ፤ እጀታው ስለሚያቃጥል በጨርቅ ነው የሚከፈተው። ከጀርባ ያለው ግድግዳ ሰፊ መስኮት አለው። በመስኮቱ በኩል ምግቡ ወደ መመገቢያ አዳራሽ ያልፋል። እዚያ የቢሮ ሠራተኞችና ሹፌሮች በርካሽ ይመገባሉ። የነገው ዘይትና ዱቄት የሚገዛው እነሱ በሚከፍሉት ነውና፣ በዚያ መስኮት የሚያልፍ ነገር ላይ መምህርቷ ቀልድ አታውቅም።

መምህርቷን ሠልጣኞቹ ከጀርባዋ «ዳኛዋ» ይሏታል። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ማንኪያዋን በደረት ኪሷ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። ሳህኑን መጀመሪያ በዓይኗ ታያለች። አዙራ ታያለች። ከዚያ ትቀምሳለች። ከዚያ ከሁለት ቃል አንዱን ትናገራለች፦ «ያልፋል»፣ ወይም «ቤትሽ»። «ቤትሽ» የተባለች ሠልጣኝ ያበሰለችው አይሸጥም፤ ነጥብ ይቀነስባትና የሠራችውን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ከሠልጣኞቹ መሐል አፉ የማያርፍ አንድ ልጅ ነበር። እየሠራም ወሬው ስለማይቋረጥ ስሙን «ሬዲዮ» ብለውታል። ዳኛዋ ማንኪያዋን ከኪሷ ባወጣች ቁጥር «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ነው የሚቃጠለው?» ይላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጅቷ ከ«ያልፋል» ሌላ አልሰማችም። እጇ ለሥራው የተፈጠረ ነበር። እሷ ራሷ ደነገጠች፤ ያልፈለገችው ሙያ እየጣማት ሄደ። አንድ ቀን ግን የምድጃዋ እሳት አልቀንስ አላትና ሩዙ ከሥሩ ተቃጠለ። «ቤትሽ» ተባለች። ሩዙን በተውሶ ምሳ ዕቃ ይዛ ስትሄድ መንገድ ላይ ልትደፋው አሰበች። በየመንገዱ የሚያያት ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ መሰላት።

ቤት ስትደርስ ሹሙ ክዳኑን ከፈተ።

ያ ቤት በዳቦና በሻይ ነበር የሚያመሸው። ሹሙ የተቃጠለውን ሳይቀር በጣቱ እየፋቀ በላ፤ እንዲያውም የሚጣፍጠው እሱ ነው አለ። እናትየው እያኘከች ዓይኗን ጨፈነች። አባትየው «እንዲህ ከሆነማ ሁልጊዜ ይቃጠል» አለ። ቀልድ ነበር፤ ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች።

በማግስቱ የሠራችው አለፈ። ባዶ እጇን ስትገባ ሹሙ በር ላይ ቆሞ እጇን አየ፣ ቦርሳዋን አየ።

«ዛሬ አልተበላሸም?» አላት።

እናትየው ተቆጣችው። እህቱ ጎበዝ ሆና ነው፣ ደስ ሊለው ይገባል አለችው። «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ግን መርዶ እንደሚነግር ሰው ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማበላሸት ተማረች።

ማበላሸት የራሱ ብልሃት አለው። ጨው ማብዛት አይሆንም፤ ልጅ አይበላውም። ማቃጠልም ብክነት ነው። መበላሸት ያለበት መልኩ ነው፤ ጣዕሙ መነካት የለበትም። ድንቹን አንዱን ድፍን ያለ፣ ሌላውን ባቄላ የምታክል አድርጋ ትቆርጣለች። እንቁላሉን ስትገለብጥ አስኳሉን ታፈሳለች። ኬክ ከሆነ ሳይደርስ የኦቨኑን በር አንዴ ከፈት አድርጋ ትዘጋለች፤ ኬኩ መሐሉ ይሰረጉዳል። ለሽያጭ አይሆንም፤ ለመብላት ግን ምንም አልሆነም። ደግሞ ሁልጊዜ አታበላሽም። ጎመን በሚሠራበት ቀን ከክፍሉ አንደኛ እሷ ናት። ሥጋና እንቁላል ባለበት ቀን ትወድቃለች።

አንድ ጊዜ ዳኛዋ የሰረጎደውን ኬክ አንሥታ ለክፍሉ ሁሉ አሳየች። ኦቨን ያለ ጊዜው የሚከፍት ሰው ይህን ያገኛል አለች። ሠልጣኞቹ ሳቁ። ሬዲዮ «ይሄ ኬክ ሳይሆን የእጅ መታጠቢያ ነው» አለ። ልጅቷ እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ቆማ ነበር። ፊቷ ጋለ። ዓይኗ ግን ኬኩ ላይ ነበር፤ ለአራት እንዴት እንደሚቆረጥ ታስባለች።

እናትየው አልጠየቀቻትም። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃውን አጥባ ከቦርሳዋ አጠገብ ታስቀምጥላታለች፤ በዚህ ላይ አንድ ቀን ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ዛሬ የሚማሩት ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሹሙ ነው። ሥጋ ካለችው እየዘለለ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

የቤት ኪራዩ ሲዘገይ እናትየው ከመጣው ምግብ ላይ ለአከራይዋ በሳህን መላክ ጀመረች። አከራይዋም ሰዓቷን አወቀች። ልጅቷ ስትገባ እሷ ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ስትፈልግ ትገኛለች። በልታ ስትጨርስ አፏን እየጠረገች፣ ሰው እንዲሰማ አድርጋ ትናገራለች።

«የአንቺ ልጅ እጅ አልገራ አለ እኮ። ይህን ሁሉ ጊዜ ተምራ! እሷን ያገባ ቀን ወዮለት።»

እናትየው አብራት ትስቃለች። ልጅቷ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። የአከራይዋ ስድብ ብዙ አልከበዳትም፤ የእናቷ ሳቅ ነው የከበዳት።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አንድ ትልቅ ሆቴል ለተግባር ልምምድ ሠልጣኞች እንደሚወስድ ተነገረ። እዚያ በርትቶ የሠራ ይቀጠራል። የሚሄዱትን የምትመርጠው ዳኛዋ ናት። ልጅቷን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ ጠራቻትና በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ከዚህ ሁሉ ልጅ ቢላዋ አያያዝሽ አንደኛ ነው» አለቻት። «ምግብሽ ግን አያልፍም። ስንት ዓመት አስተምሬ እንዳንቺ ያለ አላየሁም፤ ነገርሽ አልገባ ብሎኝ ቀረ።»

ዳኛዋ ቀጠለች። አርብ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ሙሉ ዶሮ ይሠራል። ያንቺ ካለፈ ሆቴል ትሄጃለሽ፤ ካላለፈ በረዳትነት ወረቀት ትወጫለሽ። ረዳት ማለት ድንች የሚልጥና ድስት የሚያጥብ ሰው ነው። ወደ ምድጃ አይጠጋም።

«እሺ ቲቸር» አለች ልጅቷ።

ቤት ገብታ ለማንም አልተናገረችም። ግን ሬዲዮ ከእነሱ ግቢ ጀርባ ነበር የሚኖረው፤ ሬዲዮ ያለበት ሰፈር ደግሞ ምስጢር አያድርም። ዶሮ እንደሚሠራ ሹሙ ሰምቶ ኖሮ ገና በማክሰኞው አርብ ስንት ቀን እንደቀረው ይጠይቃል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ በአባትየው በኩል ሲያልፍ ቆመ። አባትየው አንድ ወንበር ሰማያዊ እየቀባ ነበር። ከሰላምታ በኋላ ሬዲዮ ስለ አርብ ነገረው፤ ካላለፈች ድስት አጣቢ ሆና እንደምትቀርም ነገረው። ክፋት አልነበረበትም። ወሬ ስለሆነ ነው የነገረው።

አባትየው ልጁ ትምህርቱ ከብዷት የምትወድቅ ነበር የሚመስለው። እንዳያሳፍራት ብሎ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ለሬዲዮም ያንኑ አለው፤ ምናልባት አይሆንላት ይሆናል አለ።

«ኧረ አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው? ሽንኩርት ስትከትፍ ሥራችንን አቁመን ነው የምናያት። ሲበስል ነው ምን እንደሚነካባት እንጃ። ያውም ሥጋና እንቁላል ሲሆን ብቻ። ጎመን ላይ ማንም አይችላትም።»

«ሥጋና እንቁላል ሲሆን ብቻ?»

«ሥጋና እንቁላል ሲሆን ብቻ» አለና ሬዲዮ ሄደ።

አባትየው ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። እሱም ባለሙያ ነበር። ትከሻው ጤነኛ በነበረ ጊዜ፣ የሀብታም ቤት ሲቀባ ግድግዳው ከሚፈልገው አብልጦ ቀለም ይበጠብጥ ነበር። የተረፈው ይጣላል ይሉታል፤ እሱ ይዞት ወደ ቤቱ ይመጣል። የሚኖሩበት ክፍል አንዱ ግድግዳ የአንድ ክሊኒክ ቀለም ነው፤ ሌላው የአንድ ነጋዴ መኝታ ቤት ነው፤ በሩ የትምህርት ቤት አጥር ነው። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ ልክ አለው፤ ይህን ከማንም ይበልጥ እሱ ያውቃል። መሐሉ ላይ ብቻ የሚሰረጉደውን ኬክ አስታወሰ። አስኳሉ ፈሶ ጨው ግን ልክ የሆነውን እንቁላል አስታወሰ። ሁሉንም በልቶታል። አብዝቶም በልቶታል።

ብሩሹ እጁ ላይ ደረቀ። ወንበሩ በግማሽ ሰማያዊ ሆኖ አመሸ።

ያን ቀን ልጅቷ ያመጣችው በኳስ መልክ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ ነበር። ፈራርሷል። እናትየው በሳህን አድርጋ መሐል ላይ አስቀመጠች። አባትየው እጁን አልዘረጋም፤ ጠግቤአለሁ አለ። እናትየው የት በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ የልጅቷን እጆች ነበር የሚያየው። ልጅቷ እጆቿን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች።

ሹሙ በልቶ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ አባትየው ተናገረ።

«አርብ ባዶ እጅሽን ነይ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናትየው ወደ አፏ ያነሣችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አደረገችው። አሁን ሦስቱም ያወቁት፣ አንዳቸውም ያልተናገሩት ነገር መሐላቸው ተቀመጠ። እናትየው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ዶሮ ነው አሉ እኮ።»

ያለችውን የሰማችው እሷም ከተናገረች በኋላ ነበር። ተነሥታ ወጣች፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች፣ ምሳ ዕቃውን አንሥታ ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ማጠቡን ተወችው።

አርብ ልጅቷ ዶሮዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቢላዋዋን አነሣች። ደረቱን በሚገባ ለየች። ጭኑ ላይ ስትደርስ ቆዳው ተቀደደ። አላሰበችበትም፤ እጇ ነው የቀደደው። ዓይኗን አላመነችም። እጇ ሳይጠየቅ ማበላሸቱን ለምዶት ኖሯል። ከዚያ በኋላ እንደ ጀማሪ እያንዳንዱን ቁርጥ እያየች፣ ቢላዋውን በዝግታ እያስኬደች ሠራች። የተቀደደውን ቆዳ ስባ ከሥሩ አጠፈችው። ዶሮው ኦቨን ከገባ በኋላም እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ጨርቁ ሄደ። ለሦስተኛው እጆቿን ከሽርጧ ሥር ከታ ወደ ኋላ ቆመች።

ሬዲዮ «ምነው፣ ታሰርሽ እንዴ?» አላት።

ዳኛዋ መጣች። ሳህኑን አየች። አዞረችው። ማንኪያዋን ከኪሷ አውጥታ፣ ሹካ አስመጥታ ከጭኑ ቆርሳ ቀመሰች።

«ያልፋል።»

ሳህኑ በመስኮቱ አለፈ። ሬዲዮ አፏጨ፤ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ዳኛዋ ግን ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አልሄደችም።

«ይሄ እጅ እስከዛሬ የት ነበር?» አለች።

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ዳኛዋ ሌላ ጥያቄ ልትጨምር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ማንኪያው እጇ ላይ ነበር። በዚያ ማንኪያ የቀመሰችው የተበላሸ ምግብ ሁሉ፣ አንዱም እንኳ አፏ ላይ ተበላሽቶባት አያውቅም። አሁን ነው የገባት። ኬኩን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ያሳየችበትን ቀን አስታውሳ መሆን አለበት፣ ፊቷ ልጅቷ ፊት ላይ እንደነበረው ዓይነት ሆነ።

ደግ ሴት ናት። ደግነቷን ግን ሳታስብበት፣ ወዲያው ነበር ያወጣችው። ወደ ክፍሉ ዞረችና ከዛሬ ጀምሮ በድስት የሚተርፍ ነገር እንደማይደፋ ተናገረች። የዶሮው ጀርባና አንገት ተቀቅሎ በትልቁ ድስት አለ፤ ሾርባውም ብዙ ነው።

«ቤታችሁ ችግር ያለባችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች። «ይታደላል።»

የቢላዋ ድምፅ ቆመ። እጅ ያወጣ ሰው አልነበረም። ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች ከጠረጴዛው ማዶ የቆመውን ሰው ጫማ አየች። ሶሉ እንዳይላቀቅ በሽቦ ታስሯል። የሬዲዮ ጫማ ነበር። ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ትንፍሽ አላለም። እሱም በሳምንት ስንቴ «ቤትህ» እንደሚባል ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ዳኛዋ ያደረገችውን አየች። የተናገረችውን ለመመለስ ግን ዘግይታ ነበር። ቢሮ ጉዳይ አለኝ ብላ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ በሩን ክፍት አድርጋ ወጣች። ማንም ሳያይ የሚወስድ ይውሰድ ማለቷ ነበር። ሠልጣኞቹ ንጹሑን ጠረጴዛ ይወለውሉ ጀመር። የተወለወለውን ደግመው ወለወሉት። አንዱ ሌላው ይውጣ ብሎ ይጠብቃል፤ የመጨረሻ ሆኖ የሚቀረው ደግሞ ለምን እንደቀረ ይታወቅበታል። በመጨረሻ ሁሉም ሽርጣቸውን ሰቅለው በአንድ ላይ ወጡ። ድስቱ እንደሞላ ቀረ።

ልጅቷ ባዶ እጇን ቤት ገባች። አባቷ አለፈ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አለፈ አለችው። «ጎሽ» አለ። ሹሙ እጇን አየ፤ ቀጥሎ አባቱን አየ። ተነግሮት ነበርና አልጠየቀም። ዳቦውን በሻይ እየነከረ በላ።

ሆቴሉ ትልቅ ነበር። ነጭ ልብስ ሰጧት፤ ከሽንኩርት አስጀምረው በሁለተኛው ወር ወደ ምድጃ አስጠጓት። ሠልጣኞች ደመወዝ የላቸውም፤ ምሳቸውን ግን ከሠራተኞች ጋር ይበላሉ። ሩዝ አለ፣ ሥጋ አለ፣ ሰው የፈለገውን ያህል ይጨምራል። ከበሩ ግን ፍርፋሪ አይወጣም። ማታ ማታ ጥበቃው የሁሉንም ቦርሳ ይከፍታል።

መጀመሪያ ቀን አልዋጥላት አለ። ጉርሻው አፏ ውስጥ ዞረ። ለአባቷ ስትነግረው ተቆጣት። እየበላች ካልሠራች እንደምትወድቅ ነገራት፤ አንድ አፍ ከቤት መቀነሱም ቀላል እንዳልሆነ ነገራት። ይህን ሲናገር አያያትም ነበር። እሷም በላች። ትንሽ ቆይቶ መጥገብ ጀመረች። ድሮ የሚያሳፍራት ይዛ የምትገባው ነበር፤ አሁን የሚያሳፍራት በሆዷ ይዛው የምትገባው ሆነ።

ጥበቃው አንድ ቀን ቦርሳዋን ከፍቶ ሲዘጋ ሳቀባት። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም ነገር ሸጉጣ ያልተገኘች እሷ ብቻ ናት አላት። «ቤታችሁ ሞልቶ ተርፎ ነው መሰለኝ።» እሷም «አዎ» አለችው።

ከሆቴሉ ስትመለስ የሰፈሩ ቧንቧ ጋ ትቆማለች። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባለች። የሥጋ ሽታ ጸጉር ውስጥ ስለሚቀር ጸጉሯን ታረጥባለች። አፏን ትጉመጠመጣለች። ከዚያ ትገባና ከነሱ ጋር ትቀመጣለች፤ ከዳቦው ትንሽ ቆርሳ፣ ደክሞኛል ብላ የቀረውን ወደ ሹሙ ትገፋለች።

አንድ ምሽት፣ ገና ሳይጨልም፣ አባትየው ጀሪካኑን በግራ እጁ ይዞ ውኃ ሊቀዳ ወጣ። የግንቡን ጥግ ሲዞር ልጁን አያት። ቧንቧው ላይ ብቻዋን ነበረች። ጎንበስ ብላ ከንፈሯን በሳሙና ታሻለች። ታጥባ መዳፏን ታሸታለች፤ ደግማ ታሻለች። አባትየው ወደ ኋላ ተመለሰ። ጀሪካኑ ግንቡን እንዳይነካ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። ኮቴዋ ሲርቅ ሰማ። ከራቀም በኋላ ቆመ። ከዚያ ሄዶ ቀዳ።

ሲገባ ልጅቷ ተቀምጣ ነበር። ሻዩ ቀርቧል። እናትየው ምነው እንደቆየ ጠየቀችው።

«ወረፋ ነበር» አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። አባቷ የጀሪካኑን ክዳን ያጠብቅ ነበር። የጠበቀውን ደግሞ ያጠብቃል።

«አዎ» አለች ልጅቷ። «እኔም ሳልፍ ብዙ ሰው ነበር።»